ማዶ ያልናት

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017

ይህን ደብተር የገዛሁት ለአስቤዛ ማስታወሻ ነበር። ሁለት ገጽ ሽንኩርትና ዘይት ከጻፍኩበት በኋላ ተረሳ። ዛሬ ከመደርደሪያው አወረድኩት። ለሰው የማልነግረው ነገር ሆዴ ውስጥ በዝቶብኛል።

ጠዋት ከዞን ደብዳቤ መጣ። እኔ መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤታችን የሚገባ ወረቀት ሁሉ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፋል። ፖስታውን ከፍቼ አነበብኩት። የአፈር ምርመራ ባለሙያችን ፅዮን «በብሔሬና በእምነቴ ምክንያት በሥራ ቦታዬ እየተሰደብኩና እየተገለልኩ ነው» ብላ ለዞን አቤት ብላለች። ጽሕፈት ቤቱ በአምስት ቀን ውስጥ መልስ ይስጥ ተብሏል። ከታች በኩል ደግሞ «ይህንኑ ጥቅምት 20 ቀን ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በጽሑፍ ባመለክትም መልስ አላገኘሁም» የሚል አለ። ይህቺን መስመር ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

ለኃላፊያችን ለአቶ ዓለምነህ አስገባሁላቸው። አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ፅዮን ወደ እኛ፣ ወደ ሰቆጣ፣ ከተዛወረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አባቷ የፃግብጂ ሰው ናቸው፣ እንደኛው አገው። እናቷ ከትግራይ ናቸው። እሷ ደግሞ ጴንጤ ነች። «ስሟ ፅዮን፣ እምነቷ ሌላ» ይላል ሰዉ። ቢሮ ውስጥ «ማዶ» ነው የሚሏት፤ ከተከዜ ማዶ ለማለት። ስሙን ማን እንዳወጣው አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ የምሳ ሰዓት ሊያልቅ ነው።

መልሱ ተጻፈ። ጸሐፊያችን ምስራቅ ናት የተየበችው። «ባለሙያዋ ቀደም ሲል አቀረብኩት የምትለው አቤቱታ በመዝገብ ቤታችን የለም።» ቁጥር ሰጠሁት። ማህተም መታሁበት።

መዝገቡ ላይ የለም። ይህ እውነት ነው። መዝገቡ ላይ የለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

የነቢያት ጾም ትናንት ገባ። ምሳ ለሦስት በአንድ ትሪ በላን፤ እኔ፣ ምስራቅና ሾፌሩ ይሄይስ። ፅዮን ቤተ ሙከራዋ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። መጀመሪያ የመጣች ሰሞን ከእኛ ጋር ነበር የምትበላው። አምና በሁዳዴ የተቀቀለ እንቁላል ይዛ መጣች፤ እንደማይነካ አታውቅም ነበር ማለት አልችልም፣ ግን ለራሷ ነበር የያዘችው፣ ጥግ ላይ። ምስራቅ ብድግ ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ትሪው ተለየ።

ብርጭቆውም። የሻይ ብርጭቆዎቻችን አንድ ዓይነት ስለሆኑ የእሷ እንዳይቀላቀል ምስራቅ ከታቹ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረገችበት። ቀይ። የጥፍር ቀለሙ የእኔ ነው። ብርጭቆውን የቀባሁት ግን እኔ አይደለሁም።

ዛሬ ደጋግሞ ትዝ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ፅዮን የመጣች ቀን በኽምጠኛ፣ በእኛ በአገዎቹ ቋንቋ፣ ነበር ሰላም ያለችኝ። የቄስ ወልደ ጻድቅ ልጅ መሆኔን ሰምታ ኖሯል። እኔ በአማርኛ መለስኩላት። ቤት ከአባቴ ጋር የምናወራው በኽምጠኛ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን የገጠር እንዳልመስል ነው መሰለኝ ከአፌ አላወጣውም። ፊቷ ላይ ምንም አላየሁም። ከዚያ በኋላ እሷም በአማርኛ ሆነች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 24

ትናንት ፅዮን ከይሄይስ ጋር ለአፈር ናሙና ፃግብጂ ወርዳ ነበር። መኪናው አመሻሹ ላይ ያለ እሷ ተመለሰ። ዛሬ ወደ ስምንት ሰዓት ግድም በእህል ጫኝ አይሱዙ መጣች፤ ፀጉሯ፣ ቅንድቧ ሁሉ አቧራ ነው። የናሙናውን ጆንያ ራሷ ተሸክማ አስገባች። ማንም አላገዛትም።

ይሄይስ ለምስራቅና ለሌሎቹ ሲያወራ ሰማሁት። ከማሳው ዘገየች ብሎ ጥሏት መጣ። «ማዶ እግሯ ጠንካራ ነው፣ ተሻግራ ትምጣ አልኩ» አለ። ሳቁ። እኔ ፈገግ ሳልል አልቀረሁም። ቀጥሎ ደግሞ «አለቃም አትጠብቃት ብለውኛል» አለ። ምናልባት ቀልዱን ነው። ይሄይስ ቀልደኛ ነው።

ያቺ ልጅ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን ኖሮስ? ባሁኑ ጊዜ መንገድ ላይ ያደረ ሰው ነገሩ አይታወቅም። አባቷ ዘንድ አድራ ይሆናል። መቼም አባቷ ዘንድ ነው ያደረችው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

እሺ። እዚህ ላይ እንኳን ልጻፈው።

ጥቅምት 20 ቀን ፅዮን በሁለት ቅጂ የተጻፈ ደብዳቤ ይዛ መዝገብ ቤት መጣች። አንዱን ተቀብዬ በሌላው ላይ ማህተም እንዳደርግላት ፈለገች፤ ደንቡም እንዲያ ነው። ርዕሱን አይቼ ፈራሁ። ማህተሙ አለቃ ጋር ነው፣ ነገ ነይ አልኳትና ሁለቱንም ተቀበልኳት። ማህተሙ አጠገቤ ነበር።

አቶ ዓለምነህ አነበቡትና መለሱልኝ። «ለጊዜው አትመዝግቢው፤ እኔ ራሴ አናግራታለሁ። ቤተሰብ አይደለንም እንዴ?» አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። በማግስቱ ስትመጣ አለቃ እያዩት ነው አልኳት። በሦስተኛው ቀን መጣች፤ እንደዚያው አልኳት። ከዚያ መምጣት ተወች። እሳቸውም አላናገሯትም።

ደብዳቤው እስከ አሁን እዚያው ነው። ከመሳቢያው ታች፣ ከድሮ የቀን መቁጠሪያዎች ስር።

አንብቤዋለሁ። ብርጭቆው አለበት። እናቷ ሊጠይቋት የመጡ ዕለት በር ላይ ቆመው መታወቂያ የተጠየቁት አለበት፤ የሌላ ሰው እናት ስትመጣ ወንበር ነው የሚሰጣት። አቶ ዓለምነህ «ወደ እናት ቤተ ክርስቲያንሽ ካልተመለስሽ ጥሩ የሥራ ምዘና አትጠብቂ» ያሏት፣ ያሉበት ቀን ጭምር አለበት። ምዘናዋን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ፋይሉን ያስገባሁት እኔ ነኝና። ከሁላችን ዝቅ ያለ ነው። ከሁላችን በላይ የምትሠራው ደግሞ እሷ ናት።

በመጨረሻ እንዲህ ይላል፦ «ማዶ የሚለውን ስም ያወጣችልኝን ሰው ስሟን አልጠቅስም፤ ራሷ ታውቃለች።»

ዛሬ ብዙ ልብስ አጠብኩ። ያልቆሸሸውንም አጠብኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

ዞን በመልሳችን አልረካም። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ ልኳል። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዝናሽ ይባላሉ፤ ድምፃቸው ቀስ ያለ፣ በእርሳስ የሚጽፉ፣ ሰው ሲያወራ የማያቋርጡ ሴት ናቸው። የምስክሮች ስም ተለጠፈ። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። በመሥሪያ ቤቱ በኩል የተጠራሁ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የጠራችኝ ፅዮን ናት።

እኔን ለምን?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

አቶ ዓለምነህ አስጠሩኝ። በሩን ዝጊው አሉ። የመዝገብ ቤት አስተባባሪነት ቦታ ከጥር ጀምሮ ክፍት እንደሆነ፣ ከእኔ የተሻለ ሰው እንደማይታያቸው ነገሩኝ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ቦታ ነው። አመሰገንኳቸው።

ከዚያ ወረቀት እያስተካከሉ፣ ሳያዩኝ እንዲህ አሉ፦ «አንቺ የቄስ ልጅ ነሽ። ወንድምሽን የበላው ጦርነት በየት በኩል እንደመጣ ለአንቺ አይነገርሽም። ለማን ብለሽ ነው የምትመሰክሪው?»

ወንድሜ መልአኩ በ2014 ዘምቶ አልተመለሰም። መርዶውን የነገሩን በሁለት ወሩ ነው። የእሱ ስም ሲነሣ ሌላ ነገር ማሰብ ያቅተኛል፤ አቶ ዓለምነህም ይህን ሳያውቁ አይቀሩም። ከቢሯቸው ስወጣ ፅዮንን በጣም ጠላኋት። እስከ ቤቴ ድረስ ጠላኋት። እቤት ስደርስ ምን እንዳደረገችኝ ለማስታወስ ሞከርኩ።

አቶ ዓለምነህን እዚህ ደብተር ላይ እንኳን አንቱ ነው የምላቸው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ከቅዳሴ መልስ አቶ ዓለምነህ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን መጡ። የመጡት ለአባቴ ነው። ነገሩ በሽምግልና ይለቅ፣ ልጅቱ ክሷን ታንሣ፣ ወረቀት ለማንም አይበጅም፣ እርስዎ ቢመሯቸው ታፍራለች አሏቸው። አባባ ሽምግልና ሂድ ተብለው እምቢ ብለው አያውቁም። እኔን ምንም አልጠየቁኝም። ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሄዱ፤ አቶ ዓለምነህ ቤታቸው ሆነው ሊጠብቁ ተመለሱ።

እኔ ምስር ለቀምኩ። የለቀምኩትን መልሼ ለቀምኩ።

አባባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብቻቸውን መጡ። የነገሩኝን እንዳለ ልጽፈው፤ እሳቸው የነገሩኝ በኽምጠኛ ነው።

ደጃፏ ሲደርሱ መስቀላቸውን ከእጃቸው ወደ ኪሳቸው ከተቱት። ልሳለም አልሳለም ብላ እንዳትጨነቅ ነው አሉኝ። እኔ ይህ በፍጹም አይታሰበኝም ነበር። ፅዮን አንድ ክፍል ቤት ነው የተከራየችው። በርጩማውን ለእሳቸው፣ አልጋውን ለሁለቱ አድርጋ ራሷ ቆመች። ውኃ ሰጠቻቸው። ሽማግሌዎቹ ስለ ሰላም፣ ስለ መቻቻል፣ ስለ አብሮ መኖር ብዙ ተናገሩ። እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ከዚያ ለአባቴ እንዲህ አለቻቸው፦

«አባቴ፣ መምጣትዎን አከብራለሁ። ግን ሽማግሌ የሚልከው ያጠፋ ሰው ነው። አጥፍቻለሁ ያለው ማን ነው?»

አባባ ወደ ሁለቱ ዞሩ። ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። «ከበርጩማው ተነሣሁ» አሉኝ። «ልጅቱ ልክ ናት። ባዶ እጃችንን ነው የሄድነው።» ተሰናብተው ወጡ። ለአቶ ዓለምነህም ጥፋትዎን ሲያምኑ ይጥሩኝ፣ ያን ጊዜ እንደገና እሄዳለሁ ብለው ልከውባቸዋል።

ውኃ ቀዳሁላቸው። ብርጭቆውን እንደያዙ ጠየቁኝ። «ደብዳቤ ሰጥቻለሁ ትላለች። መሥሪያ ቤቱ አላየሁም ይላል። መዝገብ ቤት ያለሽው አንቺ አይደለሽ? ያልሰጠችውን ሰጠሁ ትላለች እንዴ?»

«እንጃ አባባ» አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ውኃውን ጠጡ፤ ብርጭቆውን መለሱልኝ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

እንቅልፍ የለም። ምሳዬን ሳልነካ መለስኩ፤ ሰው ጾሙ ነው ይላል። ዛሬ መሳቢያዬን አራት ጊዜ ቆልፌ አራት ጊዜ ከፈትኩ። ምስራቅ «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። ወረቀት የሚቀዳድደው ማሽን ያለው አለቃ ቢሮ ነው። አላደርገውም። ለምን እንደጻፍኩት እንኳን አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 22

ቀረብኩ።

ትንሿ የስብሰባ ክፍል ውስጥ ነበር። ወይዘሮ ዝናሽ መሃል፣ ፅዮን በቀኝ፣ አቶ ዓለምነህ በግራ ተቀምጠዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ማልኩ። ወይዘሮ ዝናሽ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ጥቅምት 20 ቀን ከባለሙያዋ ደብዳቤ ተቀብለሻል?»

«አላስታውስም።»

«በመዝገቡ ላይስ?»

«የለም።»

«ማዶ የሚለውን ስም ያወጣው ማን ነው?»

«ሁሉም ይላል» አልኩ።

ጻፉት። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። ስወጣ አቶ ዓለምነህ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ፤ እንደ ምስጋና። ፅዮን አላፈጠጠችብኝም፣ አላለቀሰችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የጠረጴዛውን ጫፍ ታይ ነበር።

መጽሐፉን የያዝኩበትን እጄን ታጠብኩት። ሞኝነት ነው። አላስታውስም ማለት ውሸት ነው? የምታስታውሺውን አላስታውስም ስትይ ውሸት ነው። ለሕፃን የሚነገር ነገር ነው ይሄ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 23

ፅዮን ቧንቧው ጋር አገኘችኝ። ሰው አልነበረም። በኽምጠኛ ነው ያናገረችኝ፤ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ዛሬ ነው። «አንቺን የጠራሁሽ በክፋት አልነበረም» አለች። «ደብዳቤዬን ስትቀበይኝ ቀና ብለሽ ልታይኝ አልቻልሽም። ይህቺ ሰው ስትጠየቅ እውነቱን ትናገራለች ብዬ ነው።»

ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። በየትኛው ቋንቋ እንደምመልስላት ሳስብ ራቀች።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ማክሰኞ ገና ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አደርኩ፤ ግን ከበሩ ውጭ፣ ከግቢው ዛፍ ስር። ወደ ውስጥ አልገባሁም። አልቆረብኩም። አባባ ከመቅደስ ሆነው እንዴት እንዳዩኝ እንጃ፤ አይተውኛል።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲበተን አስቀመጡኝ። «ከዛፍ ስር ምን ታደርጊ ነበር?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ስለ ደብዳቤው፣ ማህተሙ አጠገቤ እንደነበረ፣ ስለ መሐላው፣ ስለ ቃል የተገባልኝ ቦታ። ከሁሉም በፊት የጠየቁኝ ያልጠበቅሁትን ነበር።

«የመልአኩን ስም አንሥተውብሽ ነበር?»

«አዎ፣ አባባ።»

እጃቸው ጋቢያቸው ላይ ተጨበጠ። «የልጄን ስም በፍትሐት ላይ ነው የማነሣው። በክስ መሃል ማንም እንዳያነሣው። እኔ ያጣሁትን ልጅ ማንም የሌላ ሰው ልጅ መምቻ አያደርገውም።»

ከዚያ «ሌላስ አለ?» አሉ።

ነበረ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አምና ነው። ምሳ በልተን በረንዳ ላይ ተቀምጠናል፣ ፅዮን ከቤተ ሙከራው ወጥታ ግቢውን ታቋርጣለች። «ማዶዋ ተሻገረች» አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው ያልኩት። ይሄይስ እስኪያስለው ሳቀ። ምስራቅ እንባዋን ጠረገች። አቶ ዓለምነህ ሳይቀሩ በመስኮት ሆነው ሳቁ። እኔ ሰው የማስቅ ሴት አይደለሁም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ከወረቀት ጀርባ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። ያን ቀን ደስ አለኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ራሱ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲላት ደግሞ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ዝም እላለሁ።

አባባ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ደብዳቤውን ላስማሉሽ ሹማምንት ስጪ» አሉ። «ስሙን ግን ለእኔ መንገርሽ አይበቃም። ለእሷ ነው የምትነግሪያት።»

ትናንት አልደፈርኩም። ዛሬም አልደፈርኩም። የነገን እንጃ።

ዓርብ፣ ጥር 2

ሰጠሁ።

በሻይ ሰዓት ከመሳቢያው አወጣሁት፤ ሁለቱንም ቅጂ። በነጠላዬ ስር ይዤ በባጃጅ ዞን ሄድኩ። ወይዘሮ ዝናሽ ብቻቸውን ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቀኑን አዩ፣ ፊርማውን አዩ፣ ከዚያ እኔን። ለምን አሁን አሉኝ። ቃሌን በራሴ እጅ አስጻፉኝ። ኅዳር ላይ ይሄይስ «አለቃ አትጠብቃት ብለውኛል» ሲል መስማቴንም ጻፍኩ።

ልወጣ ስል ቆምኩና ስለ ስሙም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ሳልጠይቅሽ ነው የነገርሽኝ። በአንቺ ላይ የሚሆን ነገር ነው። ይጻፍ?»

«ይጻፍ» አልኩ።

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቀለለኝ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ጥበቃው ያመመኝ መስሎት ሎሚ አመጣልኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ምስራቅ አታናግረኝም። ቁልፌን ተቀብለውኛል። አቶ ዓለምነህ በአጠገቤ ሲያልፉ ወንበሩን ያዩታል፤ እኔን አያዩኝም። ትሪው ዛሬ ሳልጠራ ቀረበ፣ ሳልጠራ ተነሣ። ዳቦዬን መዝገቡ ላይ በላሁ።

ይሄይስ ብቻ ነው የተናገረኝ። «አንቺ ጀምረሽው እኛን አስያዝሽን» አለ። ልክ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

በጥምቀት የሆነውን ሰው ነው የነገረኝ፤ አባባ አልነገሩኝም። ታቦቱ ከገባ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ከበዋቸዋል። የቄሱ ልጅ ከጴንጤ ጋር ወገነች፣ ሃይማኖቷን ልትለውጥ ነው ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብለው ጠይቀዋቸዋል። አርባ ዓመት ባገለገሉበት ደብር። በእኔ የተነሣ።

አባባ «ልጄ ከሃይማኖቷ የወጣችው በመጽሐፍ ምላ የዋሸች ቀን ነው» አሏቸው አሉ። «አሁን ወደ ውስጥ እየገባች ናትና መንገድ ልቀቁላት።»

ከሰማሁ ጀምሮ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። ራት ሳቀርብላቸው ጨው አነሰው አሉ። ጨመርኩላቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ውሳኔው መጣ። የሚቀበለው አዲሱ የመዝገብ ቤት ሰው ነው፤ ቆሜ ሰማሁ።

አቶ ዓለምነህ ከኃላፊነታቸው ተነሥተዋል፤ በባለሙያነት ይሠራሉ። ይሄይስና ምስራቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። የፅዮን የሥራ ምዘና ተሰርዞ በሌላ ሰው እንደገና ይሠራል። እኔ ሰነድ በመደበቅና በስም ማውጣት ደረጃዬ ዝቅ ብሎ ጽጽቃ ወዳለው ቅርንጫፍ ተመድቤያለሁ።

እዚህ የምጽፈውን ማንም አያየውምና ልጻፈው። ምሕረት ጠብቄ ነበር። ራሴ ሄጄ ስለተናገርኩ ይተዉልኛል ብዬ ነበር። ሲነበብ ጆሮዬ ጋለ፤ ተበደልኩ ብዬ ማታ አለቀስኩ። የተበደልኩት እኔ እንደሆንኩ አድርጌ።

አባባ ጽጽቃ ዘመድ አለን አሉ።

ዓርብ፣ የካቲት 7

የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ቤተ ሙከራ ሄድኩ። ወደዚያ ክፍል ከበሩ አልፌ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። ፅዮን አፈር እየነፋች ነበር። በየወረቀቱ ላይ የደረቀ አፈር ተሰጥቷል፤ ቀይ፣ ግራጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ፣ በያንዳንዱ ላይ የገበሬው ስም ተጽፎበታል።

በኽምጠኛ ነገርኳት። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማህተሙ አጠገቤ ነበር፣ ለመሐላውም ይቅርታ አልኩ። ለሁለት ቀን ያጠናሁት ነበር፤ ስናገረው አጭር ሆነ።

ወንፊቱን አላቆመችም።

«ስሙን አንቺ እንዳወጣሽው ከመጀመሪያው አውቃለሁ» አለች። «ግቢውን ሳቋርጥ ሰምቼሻለሁ። መስማት የምችልበት ርቀት ላይ ነበርኩ።»

ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የገበሬ ስም አነበብኩ።

«ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ሌላ አገር ሄጄ ልኑር ብዬ አሰብኩ። የት ልሂድ? አባቴ ከዚህ ነው። እኔ የተወለድኩት ፃግብጂ ነው። ማዶ የቱ ነው?»

አንድ ወረቀት አፈር ገልብጣ ሌላ አነሣች። ከዚያ አየችኝ።

«ይቅርታሽን ሰምቻለሁ። ይቅር ለማለት ገና ነኝ፤ ብያለሁ ብል እዋሻለሁ። እኔ እስካናግርሽ ድረስ አታናግሪኝ።»

እሺ አልኳት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9፣ ጽጽቃ

ወር አለፈኝ። እዚህ መዝገብ ቤት የሚባለው አንድ ጠረጴዛና ሁለት መደርደሪያ ነው። ሙቀቱ ከሰቆጣ ይብሳል። ሰዎቹ ለምን እንደመጣሁ ያውቃሉ፤ ወሬው ከእኔ በፊት ደርሷል። ሲያዩኝ ንግግራቸውን መጥነው ይናገራሉ።

ዛሬ ጠዋት የሰቆጣው መኪና መጣ። ሾፌሩ አዲስ ሰው ነው። ከፊት ወንበር ፅዮን ወረደች፤ እዚህም የአፈር ናሙና ልትወስድ ነው። ከሁሉም ጋር እየዞረች ተጨባበጠች። እኔ ከጠረጴዛዬ ጀርባ ተነሥቼ ቆምኩ፤ መቆም ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላወቅሁም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። አጠገቤ ስትደርስ አንገቴን ደፋሁ፤ እሺ ብያት የለ፣ አልተናገርኩም።

አለፈችኝ። ወደ ውስጥ ገብታ ከኃላፊው ጋር ብዙ ቆየች። ረፋዱ ላይ ወጣችና ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ናሙና የሚወሰድባቸው ገበሬዎች ስም ዝርዝር የት ነው ያለው?» አለችኝ። በኽምጠኛ።

ከመደርደሪያው አውርጄ ሰጠኋት። ቆማ በጣቷ እየወረደች አነበበች። ከላይኛው ቀበሌ ሦስት ስም ጎድሏል አለች። ቆይ ላምጣው አልኳትና የአምናውን ፋይል ፍለጋ ጎንበስ አልኩ። ብዙ ፈለግሁ። እሷም አልሄደችም፤ በርጩማውን ስባ ተቀመጠችና ጠበቀችኝ።